ሰው ያለ ቀባሪ እንዳይቀር፤ የእድር ታሪክና ሥራ ከጉርድ ሾላ አጥቢያ ሲታይ

የደብር ኢዮቤልዩ ሲከበር የሕንፃው ታሪክ፥ የታቦቱ አገባብ፥ የአለቆቹና የካህናቱ ስም ይጻፋል፤ ይህም የሚገባ ነገር ነው። ነገር ግን ቤተ ክርስቲያን ማለት ድንጋይና ጣራ ብቻ አይደለም፤ በአጥቢያው የሚኖሩት ሰዎች ናቸው። እነዚህም ሰዎች እርስ በርሳቸው የሚረዳዱባቸው ማኅበሮች አሏቸው። ስለ ደብር ጽፎ ስለ ማኅበሮቹ ዝም ያለ ጸሐፊ የቤቱን ግድግዳ ቈጥሮ በውስጡ የሚኖረውን ቤተ ሰብ እንደ ረሳ ሰው ነው። ስለዚህ በዚህ የመታሰቢያ መጽሔት ስለ እድር ጥቂት ታሪክ ለመጻፍ አሰብን።

ለጉርድ ሾላ ሰው ስለ እድር መናገር፥ በተረቱ እንደሚባለው፥ ለቀባሪው ማርዳት ነው። ሌሊት ጥሩንባ ሲነፋ ማን እንደ ሞተ ለመስማት ከመኝታው ያልተነሣ፥ ድንኳን ሲተከል ካስማ ያልያዘ፥ በለቅሶ ቤት አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ንፍሮ ያልቀመሰ ሰው በመካከላችን አይገኝም ለማለት ይቻላል። ነገር ግን ሰው ዘወትር የሚያየውን ነገር አይመረምረውም። እድር እንደ ተራራና እንደ ወንዝ ከጥንት ጀምሮ የነበረ ይመስለናል፤ እንዲህስ አይደለም። እድር ሰዎች በችግር ጊዜ መክረው ያቆሙት ሥራ ነው። የቆመበትም ዋና ምክንያት ከዘመዱ ርቆ የሚኖር ሰው በሞተ ጊዜ ያለ ቀባሪ እንዳይቀር ነው። አሳባችን ይህን ምክንያት በታሪኩ ውስጥ እየተከተልን ሄደን፥ በመጨረሻ የዛሬው እድራችን ይህንኑ ይፈጽማል ወይ ብለን ራሳችንን ለመጠየቅ ነው።

ስለ አገሩና ስለ ሕዝቡ

የጉርድ ሾላ ስም ሾላ ከሚባለው ዛፍ የተወሰደ ነው፤ ጉርድ ማለትም የተቈረጠ ማለት ነው። ሰፈሩ ከመገናኛ ወደ ምሥራቅ በሚወስደው ጎዳና ላይ ይገኛል፤ በስተሰሜን የየካ ተራራ ይታየዋል፤ ያም ተራራ ከእንጦጦ ጋራ የተያያዘ ነው። በየካ ተራራ ላይ ከአለት የተፈለፈለው ዋሻ ሚካኤል አለ። እርሱም አዲስ አበባ ሳትቈረቈር ገና በዚህ አገር የሚጸልይ ሕዝብ እንደ ነበረ ምስክር ነው።

ከተማዪቱ ግን አዲስ ናት። ዳግማዊ ምኒልክ በእንጦጦ ሳሉ፥ በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ አዲስ አበባ ብለው የሰየሟት ከተማ ከተራራው በታች መቈርቈር ጀመረች። ንጉሡ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም የንጉሠ ነገሥትነት ዘውድ ጫኑ፤ ከዚያም ወዲህ ሕዝቡ ከደጋው ወደ ታች ይወርድ ጀመር። በ1909 ዓ.ም. የምድር ባቡር ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ ደረሰ። ከዚህም የተነሣ ወታደሩ፥ ነጋዴው፥ አናጢው፥ ሸማኔው፥ ተሸካሚውና ሎሌው ካራቱም ማዕዘን ወደ ከተማዪቱ ገባ።

በገጠር ሰው ሲሞት ቀባሪ አይፈለግም፤ ቀባሪው ራሱ ይመጣል። አጎቱ መቃብር ይቈፍራል፤ አማቹ ቃሬዛ ይሸከማል፤ የጎረቤት ሴቶች እህል ይፈጫሉ፤ እንጀራ ይጋግራሉ። ይህን ሁሉ የሚያዝዝ የተጻፈ ደንብ የለም፤ ዝምድናው ደንቡ ነው። ካገሩ ወጥቶ በከተማ ቤት የተከራየ ሰው ግን፥ ግራና ቀኙ ያሉት ሰዎች ቋንቋቸውም ሃይማኖታቸውም ከእርሱ ልዩ ሊሆን ይችላል። ቢታመም የሚያስታምመው፥ ቢሞት ወደ አገሩ ዜናውን የሚልክለት አይኖረውም። እንግዲህ የእድር ነገር የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

የማኅበርና የሰንበቴ ትምህርት

እድር ከመቆሙ አስቀድሞ ሕዝባችን በማኅበር የመኖርን ልማድ ያውቅ ነበረ። የጽዋ ማኅበርተኞች በመረጡት ቅዱስ ስም በየወሩ ተራ በተራ እየደገሱ ይገናኛሉ። ሙሴ የሚባለው አለቃቸው ሥርዓቱን ይጠብቃል፤ የዕለቱ ደጋሽ ጽዋውን ለሚቀጥለው ያስረክባል። ከማኅበርተኞቹ አንዱ ቢጣላ ይታረቃል፤ አንዱ ቢቸገር ይረዳል። ሰንበቴም ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ በሚገኘው ሰንበቴ ቤት የሚደረግ ነው። ተረኛው ዳቦውንና ጠላውን ያቀርባል፤ ካህናቱ ይባርካሉ፤ በደጅ የተቀመጠው ነዳይም ድርሻውን ያገኛል። በገበሬው ዘንድ ደግሞ ደቦና ጅጊ አለ፤ በነጋዴው ዘንድ ዕቁብ አለ።

እነዚህን ሁሉ ከእድር ጋራ ብናስተያያቸው ተመሳሳይነታቸውም ልዩነታቸውም ይገለጣል። ተራ መጠበቅ፥ አለቃ መምረጥ፥ ያጎደለውን መቅጣት፥ የተጣላውን ማስታረቅ በማኅበርና በሰንበቴም በእድርም ይገኛል። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። የጽዋ ማኅበርና ሰንበቴ ያንድ ሃይማኖት ልጆችን የሚሰበስቡ ናቸው። የሰፈር እድር ግን የሚሰበስበው ባንድ መንደር የሚኖረውን ሰው ነው፤ ስለዚህም በብዙ ስፍራ ክርስቲያኑና እስላሙ፥ ያማራውና የኦሮሞው፥ የጉራጌውና የትግራዩ ሰው ስሙ ባንድ መዝገብ ተጽፎ ይገኛል። ክርስቲያን ሲሞት ፍታቱ በቤተ ክርስቲያን ይደረጋል፤ እስላም ሲሞት ስግደቱ በመስጊድ ይፈጸማል። ድንኳኑ ግን ያው ድንኳን ነው፤ የሚሸኘውም ያው ጎረቤት ነው። ማኅበርና ሰንበቴ ወንድማማችነትን በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ያስተምሩ ነበረ፤ እድር ያንኑ የሚመስለውን ትምህርት ይዞ ወደ መንደሩ መካከል ገባ።

ቀባሪ የታጣበት ወራት

በአዲስ አበባ ቀባሪ መታጣቱ ተረት አይደለም። በ1911 ዓ.ም. በኅዳር ወር ዓለምን ሁሉ የዞረው የኢንፍሉዌንዛ በሽታ ከተማዪቱን መታት። ሕዝቡም የኅዳር በሽታ ብሎ ጠራው። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ እንኳ ሳይቀሩ በበሽታው ተይዘው በብርቱ ታመው ነበረ። በከተማዪቱ የሞተው ሰው ቍጥር ወደ 10,000 ይጠጋል የሚል ግምት አለ፤ በዚያን ጊዜ ለነበረችው አዲስ አበባ ይህ እጅግ ብዙ ነው። ባንድ ቤት የነበረው ሁሉ ባንድነት ስለሚተኛ ለበሽተኛው ውሃ የሚያቀብል ይጠፋ ነበረ፤ መቃብር የሚቈፍር ሰው ከመታጣቱ የተነሣም ሬሳ ሳይቀበር የሚሰነብትበት ጊዜ ሆነ። ዛሬ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን፥ በቅዱስ ሚካኤል በዓል፥ ጥራጊ እየተቃጠለ ኅዳር ሲታጠን የምናየው የዚያ መከራ መታሰቢያ ነው።

ከዚህ መከራ የምንማረው ነገር አለ። ሬሳን ማክበር የልብ ቸርነት ብቻ የሚበቃው ሥራ አይደለም። ቸር ሰው ቢኖር እንኳ መቈፈሪያ ያስፈልጋል፤ ከፈን ያስፈልጋል፤ ማን ከማን ጋራ እንደሚወጣ የሚያዝዝ አለቃ ያስፈልጋል። በመጽሐፈ ጦቢት የምናነበው ጦቢት በምርኮ አገር የወገኖቹን ሬሳ በሌሊት እየሰወረ ይቀብር ነበረ፤ ስለዚህም ንብረቱን አጣ። የአርማትያስ ሰው ዮሴፍ የጌታን ሥጋ ለመለመን ወደ ጲላጦስ በደፈረ ጊዜ ኒቆዲሞስ ሽቱ ይዞ መጣለት፤ እርሱም ብቻውን አልቻለውም ነበረና። ያንድ ሰው ጽድቅ እጅግ የተመሰገነ ነው፤ ነገር ግን ለታላቅ ከተማ የሚበቃው የብዙ ሰዎች ሥርዓት ነው።

በጠላት ዘመን

እድርን ካጠኑት ሊቃውንት መካከል አለማየሁ ሰይፉ በ1960 ዓ.ም. ስለ አዲስ አበባ እድሮች የጻፉት፥ ከዚያም ወዲህ አሉላ ፓንክረስትና ዳመን ኃይለ ማርያም ባንድነት የጻፉት ይታወቃል። እድርን ከከተማ ኑሮ ጋር የተወለደ ነገር አድርገው የሚያዩት ሊቃውንት፥ ይልቁንም በጣሊያን ወረራ ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፥ እንደ ተስፋፋ ይናገራሉ። ምክንያቱን ማስተዋል አይከብድም። የጣሊያን ጦር ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ የቀድሞው ያለቃና የምንዝር፥ የጌታና የሎሌ መያያዣ ተበጠሰ። ጌታው ዘምቶ ወይም ተሰዶ ሎሌው ቀረ፤ ባል በዱር ሆኖ ሚስት በከተማ ቀረች። ያን ጊዜ ለሰው የቀረው ዘመድ ጎረቤቱ ነበረ።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ በተጣለ ጊዜ የተደረገውን ግፍ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። ለሦስት ቀን ያህል ያዲስ አበባ ሕዝብ በጥይት፥ በአካፋና በእሳት አለቀ። የኢትዮጵያ መንግሥት የሞቱት 30,000 ናቸው ብሎ አመለከተ፤ የታሪክ ጸሐፊው ኢያን ካምቤል ባደረጉት ምርመራ ደግሞ 19,000 ያህል መሆናቸውን ይገምታሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ በስማቸው አልተለቀሰላቸውም፤ በየጉድጓዱ ባንድነት ተጣሉ። ይህን ያየ ትውልድ ለሰው ልጅ ሥርዓት ያለው ቀብር ምን ያህል የክብር ነገር እንደ ሆነ ከማንም ይልቅ ያውቃል። ነፃነት በ1933 ዓ.ም. ከተመለሰ በኋላም እድር አልፈረሰም፤ እንዲያውም በየሰፈሩ በዛ።

የእድር ሥርዓት

እድር የቆመው በጽሑፍ ደንብና በምርጫ ነው። ዳኛ፥ ጸሐፊ፥ ገንዘብ ያዥ፥ ዕቃ ያዥና ጥሩንባ ነፊ አለው። አባል በየወሩ የታወቀውን ገንዘብ ይከፍላል። አዲስ ገቢ ቀድሞ በተከማቸው ገንዘብና ዕቃ ተካፋይ ስለሚሆን የመግቢያ ይከፍላል። ሐዘን ሲደርስ የሚሰጠው ገንዘብ በደንቡ የተወሰነ ነው፤ ለአባሉ ራሱ፥ ለባል ወይም ለሚስት፥ ለልጅ፥ ለአባትና ለእናት መጠኑ ይለያያል። ከቀብር የቀረ፥ ድንኳን ለመትከል ተራው ደርሶ ያልመጣ፥ መዋጮውን ያሳለፈ ሰው ይቀጣል። ድንኳኑ፥ አግዳሚው፥ ድስቱ፥ ሣህኑና ብርጭቆው የሁሉ ገንዘብ ነው።

ብዙ ጊዜ ወንዶቹ መቃብር በማስቈፈር፥ ድንኳን በመትከልና ከሐዘንተኛው ጋር በማደር ያገለግላሉ። ሴቶቹ ለብቻቸው እድር አላቸው፤ እንጀራውን፥ ወጡንና ንፍሮውን አዘጋጅተው፥ ለለቀስተኛው አቅርበው፥ ዕቃውን አጥበው ይመልሳሉ። እስከ ሣልስት ድረስ ያዘነ ቤት እሳት እንዲያነድ አይፈቀድለትም ማለት ይቻላል። የሴቶቹ ድካም በመዝገብ ስለማይጻፍ ታሪክ ጸሐፊዎች ዘንግተውታል፤ ነገር ግን የሞተውን የሸኙት ወንዶች ከሆኑ በሕይወት የቀረውን ያቆሙት ሴቶች ናቸው።

ስቴፋን ደርኮን የሚባሉት የኢኮኖሚ ሊቅ ከባልደረቦቻቸው ጋር ስለ ኢትዮጵያና ስለ ታንዛኒያ የቀብር ማኅበሮች በ1998 ዓ.ም. ባወጡት ጽሑፍ እነዚህ ማኅበሮች የጠራ ደንብ፥ የታወቀ መዋጮና የታወቀ ክፍያ ያላቸው እውነተኛ የመድን ሥራ መሆናቸውን አሳይተዋል። እንዲህ ያለው ነገር በኛ አገር ብቻ የተገኘ አይደለም። በጣሊያን አገር ላኑቪየም በምትባል ከተማ በ136 ዓመተ እግዚእ የተጻፈ የድንጋይ ጽሑፍ ተገኝቷል፤ የቀብር ማኅበር ደንብ ነው። በዚያም ማኅበር ገቢው 100 ሴስተርስ የሚባል የሮማ ገንዘብና አንድ ማድጋ መልካም የወይን ጠጅ ይሰጥ ነበረ፤ በየወሩም መዋጮ ይከፍል ነበረ፤ ሲሞት ለቀብሩ 300 ሴስተርስ ይወጣለት ነበረ። ከአባሎቹ መካከል ባሮችም ነበሩ። ባሪያው ሲሞት ጌታው በክፋት ሬሳውን ቢከለክል በምስሉ ቀብር እንዲፈጸምለት ደንቡ ያዝዛል። በዘመናት ብዛትና በባሕር ርቀት የተለያዩ ሰዎች፥ እርስ በርሳቸው ሳይተያዩ፥ አንድ ዓይነት መላ ማግኘታቸው የሚያስደንቅ ነው። ጌታ ለሌለውም ላለውም፥ ለሀብታሙም ለድሀውም፥ ሳይቀበሩ መቅረት አንድ ዓይነት ፍርሃት ነውና።

በሕግና በመንግሥት ለውጥ መካከል

ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ማኅበሮች የሚናገር ክፍል ነበረው። በእነዚያ የ1950ዎቹና የ1960ዎቹ ዓመታት እድሮች ቀብር ከማስፈጸም አልፈው መንገድ ወደ መጥረግ፥ የሰፈር ድልድይ ወደ ማሠራትና ውሃ ወደ ማስገባት አሳብ ያዘነብሉ ጀመር። የጉራጌ ተወላጆችም በዚያው ዘመን ለአገራቸው መንገድ ሥራ በማኅበር ተሰብስበው ያዋጡት ገንዘብ ሕዝብ ከተባበረ ምን ለመሥራት እንደሚችል ምሳሌ ሆነ።

በቤተ ክርስቲያንም በኩል በ1965 ዓ.ም. በብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ ዘመነ ፕትርክና ቃለ ዓዋዲ ወጥቶ ምእመናን በሰበካ ጉባኤ አማካይነት ከካህናት ጋር ደብራቸውን እንዲያስተዳድሩ ተደረገ። ከብዙ ጊዜ ጀምሮ በእድር ዳኝነትና ጸሐፊነት የለመዱ ሰዎች ለዚህ አዲስ ሥራ እንግዳ አልነበሩም፤ መዝገብ መያዝን፥ ሒሳብ ማሳየትንና በጉባኤ ተከራክሮ መስማማትን በሰፈራቸው ተምረውት ነበርና።

ከዚህ በኋላ የመንግሥት ለውጥ መጣ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ንብረት ሲሆን የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር፥ ማለት ቀበሌ፥ ተቋቋመ። የሰፈሩ ልማትና ዳኝነት ወደ ቀበሌ ስለ ሄደ እድር እንደ ገና ወደ ቀብር ሥራው ብቻ ተመለሰ። ቀብሩም ቢሆን ሁልጊዜ የተፈቀደ አልነበረም። በ1969ና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ ልጃቸው በጥይት ተገድሎ በመንገድ የተጣለባቸው ወላጆች ድንኳን ጥለው እንዳያለቅሱ ተከለከሉ። ጎረቤት እንባውን በልቡ ይዞ በደጅ ያልፍ ነበረ። ጥሩንባው ዝም ባለበት በዚያ ወራት እድር ምን እንደ ሆነ ይበልጥ ታወቀ፤ እድር ሰው ሰው ሆኖ ኖሮ እንደ ነበረ በአደባባይ መመስከሪያ ነው።

ዘመኑ ሲለወጥ እድሮች እንደ ገና ተንሰራፉ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ፥ እርሱንም የተካው የ2011 ዓ.ም. አዋጅ፥ እድርንና ዕቁብን ከግዛታቸው ውጭ አደረጓቸው። ስለዚህ እድር በገዛ ደንቡና ባባሎቹ መታመን የሚኖር ማኅበር ሆኖ ቆየ። ቀበሌው ወረዳ ሲሆን፥ የክፍለ ከተማ ወሰን ሲለወጥ፥ በ2013 ዓ.ም.ም ከየካና ከቦሌ ተከፍሎ ለሚ ኩራ የሚባል አዲስ ክፍለ ከተማ ሲቆም፥ የእድር መዝገብ ግን የጽሕፈት ቤቱን ካርታ ሳይሆን የጎረቤቱን ደጅ ተከትሎ ኖረ።

ከሙት ወደ ሕያው

ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የኤድስ በሽታ ባገራችን ታወቀ፤ በ1990ዎቹም ዓመታት በአዲስ አበባ ብዙ ቤት አዘነ። እድሮች ጎልማሶችን በላይ በላይ እየቀበሩ የተከማቸው ገንዘባቸው ተሟጠጠ። ያን ጊዜ በብዙ እድሮች አንድ ጥያቄ ተነሣ፤ ሰው ሲሞት ገንዘብ የምናወጣ ከሆነ ሳይሞት ብናወጣለት ምን ይከለክለናል የሚል ነበረ። ይህ ጥያቄ ቀላል አልነበረም። በደንቡ መሠረት መዋጮው ለቀብር ነው፤ ለሕመም ከወጣ ለቀብር ይጎድላል የሚሉ ሽማግሌዎች ነበሩ፤ ክርክራቸውም ያለ ምክንያት አልነበረም። ሆኖም ብዙ እድሮች ደንባቸውን አሻሽለው በሽተኛን ወደ መጠየቅና ወደ ማስታመም፥ ወላጅ ያጡትን ሕፃናት ወደ መርዳት፥ ስለ በሽታውም በድንኳኑ ሥር ወደ ማስተማር ተሻገሩ።

በሌላው ዓለም ስለ በጎ አድራጎት ማኅበር ሲነገር በ1905 ዓመተ እግዚእ በቺካጎ የተጀመረው ሮታሪ ክለብ ይጠቀሳል። በእኛም አገር የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ጦርነቱ በደረሰ ጊዜ ተቋቋመ። እነዚህ በጎ ሥራቸው የታወቀ ነው። ነገር ግን ሮታሪ ክለብን ያቆሙት የነጋዴና የባለ ሙያ ሰዎች ከትርፋቸው ለሌላው ለመስጠት ይሰበሰባሉ። የእድር አባል ግን ሰጭም ተቀባይም ነው፤ ዛሬ ድንኳን ተካዩ ነገ ድንኳን የሚተከልለት ነው። ስለዚህ ተቀባዩ አያፍርም፤ ሰጭውም አይኰራም።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ ባገራችን ተገኘ፤ መጋቢት 30 ቀንም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። ሕዝቡን ከሞት ለማዳን የታዘዘ ቢሆንም ለቅሶ መድረስን ልማዱ ላደረገ ሕዝብ ከባድ ነበረ። ድንኳን ሳይተከል፥ ንፍሮ ሳይቀመስ፥ እጅ ለእጅ ሳይያያዙ ማዘን ምን እንደ ሆነ ሁላችን አየን። የ1911 ዓ.ም. ትውልድ ያየውን ከመቶ ዓመት በኋላ በመጠኑ ቀመስነው።

ከእድር ውጭ ያለው ሰው

እስከዚህ ድረስ የጻፍነው የእድር ምስጋና ነው። አሁን ግን አስቀድሞ ያልነውን ጥያቄ እናንሣ። እድር የተፈጠረው ለእንግዳ ሰው ነው፤ ዛሬ በሰፈራችን እንግዳ የሆነው ሰው በእድራችን ውስጥ አለ ወይ?

ጉርድ ሾላ ዛሬ የጥንቱ የሾላ ዛፍ መንደር አይደለም። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር በደጃችን ያልፋል። ፎቅ ቤት በዝቷል፤ ያንድ ዓመት ተከራይ፥ ከክፍለ ሀገር የመጣች የቤት ሠራተኛ፥ የሕንፃ ሥራ የቀን ሠራተኛ፥ ጎዳና ዳር ጀበና የዘረጋች ሴት በመካከላችን ይኖራሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ እድር የላቸውም። አንዳንዱ የመግቢያውን ገንዘብ ባንድ ጊዜ ለመክፈል አይችልም። አንዳንዱም ነገ ቤቱን ልቀቅ እባላለሁ ብሎ ያመነታል። የቤት ሠራተኛዪቱ ስም ደግሞ በአሠሪዋ መዝገብ ውስጥ አይጻፍም፤ ሞት ቢደርስባት ከማን ወገን እንደምትቈጠር በደንብ የወሰነ እድር ጥቂት ነው። እንግዲህ ለእንግዳ የተሠራው ቤት፥ የሠሩት ሰዎች ባለ አገር ከሆኑ በኋላ፥ ለአዲሱ እንግዳ ደጁን ቢዘጋ የመጀመሪያው ምክንያት ተረስቷል ማለት ነው።

በሌላ በኩል የተበተነው ነባሩ ሰው አለ። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በጋራ መኖሪያ ቤቶች ሥራ፥ በመልሶ ማልማትም፥ በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማትም ብዙ ያዲስ አበባ ሰፈሮች ተነሥተው ነዋሪዎቻቸው ወደ ሌላ ስፍራ ሄደዋል። ሩቅ ሄዶም የቀድሞ እድሩን መዋጮ የማያቋርጥ ሰው ብዙ ነው፤ ሁለት አውቶቡስ ለውጦ ቀብር ይደርሳል። በሄደበትም ሰፈር ካላወቃቸው ሰዎች ጋር አዲስ እድር ያቆማል። ይህ ሰው በ1909 ዓ.ም. በባቡሩ ከገባው እንግዳ ጋር አንድ ዓይነት ሥራ እየሠራ ነው፤ ጎረቤት እየፈጠረ ነው። ከዚህ የምንረዳው ጎረቤትነት ባንድ ስፍራ ከመኖር ብቻ የሚገኝ አለመሆኑን ነው፤ አብሮ ከመቅበርና አብሮ ከማዘን የሚሠራ ነገር ነው።

ስለዚህ ለአጥቢያችን ሰዎች፥ ለእድር ዳኞችና ለሰበካ ጉባኤ አባሎች ሦስት ነገር በትሕትና እናመለክታለን።

መጀመሪያ፥ የመግቢያው ገንዘብ ለድሀ ሰው በየወሩ ተከፋፍሎ የሚከፈልበት ደንብ ይሠራ፤ ተከራይና የቤት ሠራተኛም በደንቡ ውስጥ ስማቸው በግልጥ ይጻፍ። ከ200 አባሎች እያንዳንዱ ጥቂት ቢጨምር አንድ ድሀ ይሸከማል። ሃምሳ ሎሚ ላንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው የተባለው ለዚህ ነው።

ሁለተኛ፥ በአጥቢያው ዘመድ የሌለው ሰው ሲሞት ማን ያስቀብረዋል የሚለው ነገር በድንገት የሚመከርበት እንዳይሆን፥ ደብሩና እድሮቹ አስቀድመው ይስማሙ። ቤተ ክርስቲያን መቃብሩንና ጸሎቱን፥ እድር ሸኚውንና ድንኳኑን ቢሰጡ ጉድለቱ ይሞላል። የሞተው የሌላ ሃይማኖት ሰው ቢሆንም እድሩ ግዴታውን አይተው፤ ያባቶቻችን የሰፈር እድር የተመሠረተው በዚህ ነውና።

ሦስተኛ፥ የእድሮቻችን አሮጌ መዝገቦች ይጠበቁ። የቀድሞ ጸሐፊዎች በእጃቸው የጻፉት ቃለ ጉባኤ፥ የመዋጮው ልክ፥ የቀብሩ ወጪ፥ የተቀጣውና የታረቀው ሰው ነገር፥ ያዲስ አበባን ድሀ ሕዝብ ኑሮ ከማናቸውም ታሪክ ይልቅ የሚናገር ነው። በዕቃ ቤት ከድስቱ ጋር ተቀምጦ ብል እየበላው የሚጠፋው እርሱ ነው። ቅጂው በደብሩ መዛግብት ቤት ቢቀመጥ ልጆቻችን ያመሰግኑናል።

ኢዮቤልዩ በኦሪት ሕግ የአምሳኛው ዓመት በዓል ነው። በዚያ ዓመት ቀንደ መለከት ይነፋ ነበረ፤ ባሪያውም ነፃ ወጥቶ ወደ ወገኖቹ ይመለስ ነበረ። በእኛ ሰፈር ሌሊት የሚሰማው የእድር ጥሩንባ የሐዘን ድምፅ ነው፤ ነገር ግን የሚጠራው ሰው ሁሉ ወገን እንዳለው ለመመስከር ነው። እግዚአብሔር የሞቱትን አባሎቻችንን ነፍስ ይማር፤ በሕይወት ላለነውም ከዚህ በፊት ስሙን ያልጻፍነውን ጎረቤት በመዝገባችን ለመጻፍ ልብ ይስጠን።